ፋይዳ ያሳተማችሁ የድሬ ልጆች፣ ፋይሉ የት እንደቀረ ታውቃላችሁ?

ሰሚራ ከዚራ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:10

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ባለፈው ሳምንት እናቴን ይዤ ፋይዳዋን ለማሳተም አንድ ኮፒ ቤት ሄድን። የቤቱን ስም አልጠራም። ነገሩ የአንድ ቤት ነገር አይደለም። ሙቀቱን ታውቁታላችሁ። እናቴ ወንበር አግኝታ ተቀመጠች፣ እኔ ከሠራተኛው ልጅ ጀርባ ቆሜ ስክሪኑን አያለሁ። ልጁ ትሁት ነው። «እማማ፣ ስልክዎ ላይ አሁን የገባውን ቁጥር ይንገሩኝ» አላት። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ጮክ ብላ አነበበችለት። ቤቱ ውስጥ ስምንት ሰው ቆሟል።

ከዚያ ፋይሉን ሊያወጣ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» የሚለውን ፎልደር ከፈተ። ወላሂ ደነገጥኩ። ከላይ እስከ ታች የሰው ፊት ነው። ፋይዳ፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ ፓስፖርት፣ የጋብቻ ሰርተፍኬት፣ የሐኪም ወረቀት። ወደ ታች ቢወርድ ቢወርድ አያልቅም። ሁለት የሰፈራችንን ሰዎች በመልካቸው ለየሁ። አንዷ ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን ናት። የልደት ቀኗን አሁን አውቃለሁ። ላውቀው አልፈለግሁም ነበር።

«እነዚህን አታጠፏቸውም እንዴ?» አልኩት። «ሰው ተመልሶ ይመጣል፣ እንደገና ላክ ስንለው ይናደዳል» አለኝ። በክፋት አይደለም ያለው። እውነቱን ነው።

ለምን እንዲህ እንደከበደኝ ልንገራችሁ። አምና ታናሽ እህቴ ለሥራ ማመልከቻ ወረቀቶቿን አሳተመች። በሁለተኛው ቀን ከማታውቀው ሰው ቴሌግራም ላይ መልእክት ገባላት። ስሟን ከነአባቷ ይጠራል። የተማረችበትን ትምህርት ቤት ያውቃል። ስለ ፎቶዋ ያወራል። ስታግደው በሌላ አካውንት ይመጣል። ወር ሙሉ ስልኳ ድምፅ ባሰማ ቁጥር ትደነግጥ ነበር። ከየት እንዳገኛት ማስረጃ ስለሌለን ማንንም አልወነጀልንም። ቁጥሯን ግን ቀየረች። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የያዘችው ቁጥር ነበር።

ዜና ላይ ስለ ግል መረጃ ሲወራ ስለ ሩቅ አገር ሀከር ነው የምንሰማው። የእናቴ መታወቂያ ግን በእግራችን ሄደን፣ ከፍለን፣ በእጃችን ሰጥተን ነው እዚያ ኮምፒውተር ላይ የቀረው።

እናንተ ምን ታደርጋላችሁ? ኮፒ ቤት የምትሠሩ ካላችሁም እባካችሁ ከውስጥ እንዴት እንደሆነ ንገሩን።

ገንደ ቆሬ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:31

አቦ እኔ ሦስት የተለያየ ቤት ልኬያለሁ። የሁለቱን ስም እንኳ አላስታውስም።

ሳቢያን 04
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:48

ሰሚራ፣ በእህትሽ የደረሰው ያሳዝናል። ግን ነገሩን ያከበድሽው መሰለኝ። እኛ ድሬ ነው ያደግነው። ግቢ ውስጥ አልጋ አውጥተን፣ በር ከፍተን ነው የምንተኛው። ጎረቤት ስንት ዓመታችን እንደሆነ፣ ምሳ ምን እንደበላን፣ ከማን ጋር እንደተጣላን ያውቃል። የልደት ቀን ምን ምስጢር አለው? መታወቂያ ደግሞ ለማሳየት የተሠራ ነገር ነው። ባንክ ሲጠይቀኝ እሰጣለሁ፣ ሆቴል ሲጠይቀኝ እሰጣለሁ። እንዲህ ካሰብነው ከቤት መውጣትም አንችልም።

ሰሚራ ከዚራ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:05

ሳቢያን፣ በሩ ክፍት መሆኑን እኔም እወደዋለሁ። ግን ጎረቤቴ እኔን የሚያውቀኝን ያህል እኔም አውቀዋለሁ። ስለ እኔ ቢያወራ በሦስተኛው ቀን ማን እንዳወራው ይደርሰኛል፣ ሄጄም እጠይቀዋለሁ። እዚያ ፎልደር ውስጥ ያለውን ፊቴን ማን እንዳየው የምጠይቀው ማንን ነው? በራችን ክፍት ነው ማለት የማላውቀው ሰው ገብቶ የቤቱን አልበም ይዞ ይውጣ ማለት አይደለም።

ሀናን ጁገል
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:12

ሐረርም ያው ነው። እኔ በላክሁበት ቤት ስክሪኑ ወደ መንገድ ዞሮ ነው የተቀመጠው። ሰልፍ የቆመው ሁሉ ያነባል።

አንድ ጥያቄ አለኝ። አሻራችንም አብሮ ይቀራል?

ፕሪንተሩ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:20

እኔ ኮፒ ቤት ስሠራ አራተኛ ዓመቴ ነው። የትኛው ቤት እንደሆነ አልናገርም፣ እንጀራዬ ነው። ሰሚራ ስለጠየቀች ግን ያለውን እንዳለ እነግራችኋለሁ።

እኛ ጋ ያለው ቴሌግራም አንድ ነው። በባለቤቱ ቁጥር ነው የተከፈተው። ኮምፒውተሩ ላይ አለ፣ የእኔ ስልክ ላይ አለ፣ የሌሎቹ ሁለት ልጆች ስልክ ላይም አለ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ መብራት ሲጠፋ ወይም ሰልፍ ሲበዛ አንዳችን በስልክ እየተቀበልን እናደራጃለን። ስለዚህ አንድ ሰው መታወቂያውን ሲልክልን የላከው ለአንድ ኮምፒውተር አይደለም። ሁላችንም ኪስ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ይህን ደንበኛው አያውቅም። እኔም እንደዚህ አስቤው አላውቅም ነበር።

የሰሚራን ጽሑፍ ካነበብኩ በኋላ ሴቲንግ ገብቼ «ዲቫይስ» የሚለውን አየሁ። አካውንቱ ሰባት ቦታ ተከፍቷል። ከሰባቱ አንዱ ከስምንት ወር በፊት ሥራ የለቀቀ ልጅ ስልክ ነው። ስምንት ወር ሙሉ የገባው ሁሉ ለእሱም ይደርሰው ነበር። ልጁ ጥሩ ልጅ ነው፣ ነካክቷል ብዬ አላምንም። ግን ስልኩን ቢሸጠውስ? ቢሰረቅበትስ? ወዲያው ዘጋሁት። ሁለቱን ደግሞ የማን እንደሆኑ ለባለቤቱ ደውዬም አላወቅናቸውም። እነሱንም ዘጋሁ።

ሌላም አለ። የፋይዳውን ፋይል ወደ ካርድ መልክ የሚያስተካክሉ ቴሌግራም ላይ ያሉ ቦቶች (በራሳቸው የሚመልሱ ፕሮግራሞች) አሉ። ፋይሉን ትልካለህ፣ ለፒቪሲ (ፕላስቲክ) ካርድ የተዘጋጀ ምስል ይመልስልሃል። እኛም እንጠቀማለን፣ የማውቃቸው ሌሎች ቤቶችም ይጠቀማሉ። በእጅ ቢሠራ አንዱ ሰው ብዙ ደቂቃ ይፈጃል። ቦቱን ማን እንደሠራው፣ የላክንለትን የት እንደሚያስቀምጠው ጠይቀን አናውቅም።

የተበላሸ ወረቀትም አለ። ጀርባው ንጹሕ ስለሆነ ለመሞከሪያ እናውለዋለን። የተረፈውን ኦቾሎኒ የምትሸጥ አንዲት እናት ትወስደዋለች።

የምንሠራው በችኮላ ነው። ማንም አጥፉ ብሎን አያውቅም።

ገንደ ቆሬ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:26

የለቀቀው ልጅ ነገር እንቅልፍ የሚነሳ ነው። ወንድሜ ግን እግዚአብሔር ይስጥህ፣ ይህን በግልጽ የሚናገር የለም።

ነጭ ጋዋን
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5:02

ነርስ ነኝ። ስለ ኦቾሎኒው ወረቀት ፕሪንተሩ ያለው እኔ ላይ ደርሷል። ከቀፊራ የባቢሌ ኦቾሎኒ ገዝቼ ቤት ገብቼ ስፈታው መጠቅለያው የላብራቶሪ ውጤት ነው። ስም ከነአያት፣ ዕድሜ፣ የምርመራው ዓይነት፣ ውጤቱ። ምን ዓይነት ምርመራ እንደነበር እዚህ አልጽፍም። ያ ውጤት በሰፈር ቢታወቅ ያ ሰው ትዳሩም ሥራውም ይናጋበታል።

እኛ ሥራ ላይ የታካሚን ካርድ ለእናቱ እንኳ ያለፈቃዱ አናሳይም። ሰውየው ለሌላ ቦታ ይጠየቅና ኮፒ ሊያደርግ ይወጣል። ኮፒው ይበላሻል። ከዚያ መንገድ ላይ ሰው ጨው እየላሰ ያነበዋል። ወረቀቱን ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። የቀሩትን ወረቀቶች ማን እንደገዛቸው ግን አላውቅም።

እባካችሁ የተበላሸባችሁን ወረቀት «ስጠኝ» ብላችሁ ተቀበሉ። ያስከፍላችሁ እንኳ ቢሆን ክፈሉ።

የሕግ ተማሪ ድ.ዳ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:15

ከሕጉ በኩል ያለውን ልጨምር። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን፣ የደብዳቤና የስልክ ግንኙነትን ጭምር ይጠብቃል። በ2016 ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ዜና ላይ ብዙ አልተወራበትም እንጂ ትልቅ ነገር ነው። የሰው መረጃ የሚሰበስብ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ ይጠቀምበት ይላል። ዓላማው ካለቀ ይዞ መቆየት የለበትም። ባለቤቱ ምን እንደያዛችሁብኝ አሳዩኝ፣ አስተካክሉ፣ አጥፉልኝ የማለት መብት አለው። መረጃ ካፈተለከም በ72 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለስልጣን ነው፣ ቅሬታም የሚቀርበው ለእሱ ነው። ፋይዳ ራሱ የሚተዳደርበት የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ 1284/2015ም የግል መረጃን ስለ መጠበቅ ያዝዛል።

ሕግ አውጪው በዋናነት ያሰበው ባንክን፣ ሆስፒታልን፣ ቴሌኮምን ይመስላል። እኔ እንደማነበው ግን «ለመታተም» የተቀበልከውን ፋይል ስምንት ወር ማስቀመጥ ከዓላማው ውጪ ነው፣ ኮፒ ቤትም ሆንክ ባንክ።

ሰሚራ፣ እህትሽ ላይ የተደረገው ደግሞ በ2008 በወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ወንጀል ነው። ሰውን በተደጋጋሚ መልእክት ማስጨነቅ በስሙ ተጠቅሷል። እንደገና ከመጣባት መልእክቱን አታጥፉት፣ ስክሪንሾት አንስታችሁ ፖሊስ ጋ ሂዱ።

ሳቢያን 04
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:40

ከአንድ ኮፒ ቤት ልጅ ጋር ሕግ ጠቅሼ ልሟገት? በ72 ሰዓት ሪፖርት አድርግ ልበለው?

የሕግ ተማሪ ድ.ዳ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:52

አይ፣ «ወንድሜ አጥፋልኝ» በለው። ሕጉ የሚጠቅምህ እምቢ ሲልህ ነው።

የለገሀሬ አዛውንት
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3:30

ልጆቼ፣ የልጅ ልጄ ናት ይህን ያሳየችኝ። እኔ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነኝ። ስለ ኮምፒውተር ብዙ አላውቅም። ስለ አንድ ሰው ልንገራችሁ።

ድሮ ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ዛፍ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ ራፖር የሚጽፍ ወዳጅ ነበረኝ። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ትንሽ ፈረንሳይኛም ያውቅ ነበር። የከተማው ጉድ በሙሉ በእሱ ታይፕ አልፏል። ፍቺው፣ የውርስ ጠቡ፣ ዕዳው። እኔ እሑድ እሑድ አብሬው እበላለሁ፣ አንድ ቀን «እገሌ እንዲህ ብሎ አስጻፈኝ» ሲል አልሰማሁትም።

በሁለት ኮፒ ሲጽፍ በመካከል ካርቦን ያስገባል። አዲስ ካርቦን አንዴ ከተመታበት በኋላ ወደ ፀሐይ ስታነሡት ደብዳቤው ከላይ እስከ ታች ይነበባል። ካርቦን ያኔ ውድ ነው። ሌሎቹ ጸሐፊዎች ነጭ እስኪሆን ድረስ ደጋግመው ይመቱበት ነበር። እሱ የፍቺና የበሽታ ጉዳይ የጻፈበትን ካርቦን ማታ ሲዘጋ ያቃጥለዋል። «ለምን ታባክናለህ?» ብዬዋለሁ። «የእኔ አይደለማ» አለኝ።

አሁን ኮፒ ቤት ያላችሁት ልጆች የእሱን ወንበር ነው የያዛችሁት። ሰው እናንተ ፊት ቤቱን ገልጦ ይቀመጣል።

ፕሪንተሩ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 5:10

ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። ባለቤቱን አንብቤለታለሁ። ዝም ብሎ ሰማኝ።

ኬብል
ረቡዕ፣ ከቀኑ 7:45

ታይዋን ገበያ ስልክ እጠግናለሁ፣ ኔትወርክም እዘረጋለሁ። ሁሉም ሰው አጥፉ አጥፉ ስላለ እንዴት እንደሚጠፋ ልናገር። ብዙ ሰው አጠፋሁ ብሎ የሚያስበው አልጠፋም።

ቴሌግራም ላይ የላክኸውን ፋይል ከአንተም ከእሱም እንዲጠፋ ማድረግ ትችላለህ። ቻቱ ላይ ይጠፋል። ኮፒ ቤቱ ከከፈተው ግን ፋይሉ ወርዶ ኮምፒውተሩ ፎልደር ውስጥ ተቀምጧል። ያ አብሮ አይጠፋም። ሰሚራ ያየችው ፎልደር እሱ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ማጥፋት አለባችሁ። ልጁ ፎልደሩ ውስጥ ፋይሉን መርጦ ሺፍት ይዞ ዲሊት ይበል። ሺፍት ካልያዘ ሪሳይክል ቢን ውስጥ ይቀመጣል። ይህ አሥር ሰከንድ አይፈጅም። አጠገቡ ቆማችሁ እዩ።

«ሲክሬት ቻት ተጠቀሙ» የሚል ሰው ይመጣል፣ ቀድሜ ልመልስ። እሱ በሁለቱ ስልኮች ላይ ብቻ የሚቀር የቴሌግራም ምስጢራዊ ቻት ነው። የዊንዶውሱ ቴሌግራም ዴስክቶፕ ሲክሬት ቻት አይከፍትም። ለኮፒ ቤት አይሠራም። ተራው ቻት ደግሞ ሰርቨር ላይ ነው የሚቀመጠው። ለዚህ ነው ፕሪንተሩ ያያቸው ሰባቱም ቦታዎች ላይ የሚታየው። ነሐሴ 2016 ላይ የቴሌግራሙ ባለቤት ዱሮቭ ፈረንሳይ ውስጥ ሲያዝ፣ ከዚያም መስከረም ላይ ኩባንያው በሕግ ሲጠየቅ የአጥፊዎችን ስልክ ቁጥርና አይፒ እሰጣለሁ ሲል፣ ሱቄ ውስጥ ለሳምንት ሌላ ወሬ አልነበረም። «ቴሌግራም አሳልፎ ሊሰጠን ነው» ተባለ። በዚያው ሳምንት እነዚያው ሰዎች የስልካቸውን ፓተርን ወረቀት ላይ ጽፈው ስልኩን ለእኔ ትተውልኝ ይሄዳሉ። ስክሪን ለመቀየር ፓተርን አያስፈልገኝም። ማንም ሲጠይቃችሁ ለምን እንደሆነ ጠይቁ። አዲስ ሳምሰንግ ያላችሁ ሴቲንግ ውስጥ ሜንቴናንስ ሞድ የሚል አለ፣ እሱን አብርታችሁ ስጡ። ፎቶም ቻትም አይታይም፣ ስልኩ ግን ይሠራል። ሜሞሪ ካርዱንና ሲሙን አውጥታችሁ ያዙ።

ሀናን፣ አሻራሽና የዓይንሽ ምስል ካርዱ ላይ አይታተምም። ኮፒ ቤት የሚቀረው ፎቶሽ፣ ስምሽ፣ የልደት ቀንሽ፣ ስልክሽ፣ አድራሻሽና ቁጥሩ ነው። 12 አሃዙ የፋይዳ ቁጥር ግን የዕድሜ ልክ ነው። የሰሚራ እህት ሲሟን እንደቀየረችው አይቀየርም።

ሌላው፣ ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ስልክ ቁጥሬን ማን ይይ የሚለውን «ማንም» አድርጉት። ከሥሩ ደግሞ በቁጥሬ ማን ያግኘኝ ይላል፣ እሱን ወደ «ኮንታክቶቼ» ቀይሩት። ሁለተኛውን ካልቀየራችሁት መታወቂያችሁ ላይ ቁጥራችሁን ያየ ሰው አካውንታችሁን ያገኘዋል። የሰሚራን እህት እንደዚህ ይሆናል ያገኛት።

የአሸዋ ልጅ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:20

ሁላችሁም ስለ ፋይሉ አወራችሁ። እኔን ያሳሰበኝ የሰሚራ እናት ጮክ ብለው ያነበቡት ቁጥር ነው።

አባቴ 67 ዓመቱ ነው። እሱም ኮፒ ቤት ሄዶ የገባለትን ቁጥር አነበበ። ልጁ አመሰገነው፣ መታወቂያው ታተመ፣ አባቴ ተደስቶ ተመለሰ። ሁለት ወር ቆይቶ አንድ ሰው ደወለለት። ትሁት ነው፣ «አባባ» ይለዋል። «ስልክዎ ላይ አሁን የገባውን ቁጥር ያንብቡልኝ፣ መረጃዎን እያደስን ነው» አለው። አባቴ አነበበለት። የሞባይል ገንዘቡ ውስጥ የነበረው ብር ሄደ። ሲያማክረኝ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። «እንደዚያኛው መስሎኝ» ነው ያለኝ።

አባቴ ሞኝ አይደለም። እኛ ነን ያስለመድነው። ቁጥር ሲገባ ማንበብ ጥሩ ነገር እንደሆነ፣ ትሁት ለሆነ ሰው እንደሚነበብ ኮፒ ቤት ውስጥ ተማረ። ፋይዳውን ቤት ቁጭ ብላችሁ በእነሱ ስልክ አውርዱላቸው። ኮፒ ቤት የሚሄደው ያለቀለት ፋይል ብቻ ይሁን። ቁጥሩ ከስልኩ ባለቤት አፍ አይውጣ።

ሰሚራ ከዚራ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:34

ይህን ሳነብ አለቀስኩ። እናቴ አጠገብ ቆሜ ነበር እኮ። ዝም አልኩ።

ሳቢያን 04
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:00

መታወቂያ ምስጢር ነው አሁንም አልልም። ግን ሥራ የለቀቀ ልጅ ስልክ ላይ የእኔ ፓስፖርት ሊኖር ይችላል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ነገ የላክሁበት ቤት እሄዳለሁ። የአሸዋ ልጅ፣ አባትህን አይዟቸው በልልኝ።

ነጭ ጋዋን
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:15

አንድ ነገር ልጨምር። ኮፒ ስትሰጡ በላዩ ላይ በእስኪርብቶ አግድም «ለእንዲህ ያለ ጉዳይ ብቻ» ብላችሁ ቀኑን ጻፉበት። ፊቱንና ቁጥሩን ሳይሸፍን መካከሉ ላይ ይሁን። ለሌላ ነገር ለመጠቀም ይከብዳል።

ሰሚራ ከዚራ
ዓርብ፣ ከቀኑ 10:50

ዛሬ ከእናቴ ጋር ተመልሰን ሄድን። ልጁ አወቀኝ። ቀስ ብዬ ነው የነገርኩት። «የእናቴን አጥፋልኝ፣ እኔም ቆሜ ልይ» አልኩት። ፊቱ ትንሽ ጠቆረ፣ ከዚያ ከፈተው። ሰልፍ ላይ የነበረች አንዲት ሴት «የእኔንም» አለች። ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ። ልጁ ላብ በላብ ሆነ። የአራት ሰው አጥፍቶ «የቀረውን ባለቤቱን ሳልጠይቅ አልችልም» አለ። ባለቤቱ በስልክ ለአንድ ወር ማስቀመጥ አለብን አለው። ደንበኛ የሚጠይቅ አለ ነው ምክንያቱ። እዚያ ላይ አልተስማማንም። የጎረቤታችን ፋይል እዚያው ነው። ማታ ገብቼ እነግራታለሁ፣ ራሷ ሄዳ ታስጠፋው።

እናቴ ግን ስትወጣ ልጁን ትከሻውን መታ አድርጋ መረቀችው።

ፕሪንተሩ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 1:05

እኛ ጋ ከትናንት ጀምሮ ማታ ስንዘጋ ፎልደሩን ባዶ እናደርጋለን። ስክሪኑንም ከመንገድ አዞርነው። ቦቱን ገና አልተውነውም፣ በእጅ የሚሠራበትን አሠራር እየሞከርኩ ነው፣ ቀርፋፋ ነው።

የተበላሸውን ወረቀት መቅደድ ጀምረናል። ዛሬ ኦቾሎኒ የምትሸጠው እናት መጣች። ስነግራት ገባት፣ ግን ባዶ እጇን ልመልሳት አልቻልኩም። ቤት የነበረኝን አሮጌ ጋዜጣ ሰጠኋት። ለሁለት ቀን ይበቃታል ብላለች። አሮጌ ጋዜጣ ወይም የድሮ ደብተር ያለው ሰው ካለ ሰፈሩን ይጻፍልኝ፣ እሑድ በባጃጅ መጥቼ እወስዳለሁ።